የሳጥኗ ወረፋ

ሙንተሃ ሰው ፊት ቆማ «አይሆንም» ማለት አይሆንላትም። ሌላ እንከን የለባትም፤ ጎበዝ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፣ ሰዓት ታከብራለች። ይሉኝታዋ ግን ልክ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የመመረቂያ ሥራዋን ለአምስት ሆነው ሠሩት ይባላል እንጂ አራቱ ያዋጡት ስማቸውን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ ሐዋሳ መሃል በባጃጅ ስትመጣ ሹፌሩ «እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ» ካላት ትጠጋለች፤ ሌላ ሰው ሲጭን ደግማ ትጠጋለች፤ በመጨረሻ ግማሽ ጎኗ ውጪ ሆኖ ነፋስ እየመታት ትደርሳለች። እንግዲህ ይህቺን ልጅ ነው ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚል ሥራ ላይ ያስቀመጧት። ጉድ እኮ ነው!

መሥሪያ ቤቱ የሐጂ ሱሌይማን ነው። ሐጂ ዋና ቢሯቸው አዲስ አበባ ነው፤ የቧንቧ ዕቃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ በጅምላ ያከፋፍላሉ። የሐዋሳው ቅርንጫፍ ለይርጋለም፣ ለአለታ ወንዶና ለዲላ ነጋዴዎች ዕቃ ያደርሳል፤ ነጋዴዎቹ የሚያዙት በስልክ ነው፤ ስልኩን የምታነሳው ደግሞ ዓይናለም ናት። ዓይናለም እዚያች ጠባብ የትዕዛዝ ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሲዳሙ አፎ ለሚቀናው በሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ ለሚቀናው በአማርኛ ታስተናግዳለች። የደንበኞቿን ልጆች ስም፣ የማንኛው ሚስት እንደወለደች፣ የማንኛው ላም እንደታመመች ታውቃለች። ዕቃ የማይፈልግ ሰው ሳይቀር ይደውልላታል።

ባለፈው ዓመት ስልኩ ከድሮው መስመር ወጥቶ በብሮድባንዱ ውስጥ እንዲመጣ ተደረገ። ብሮድባንዱ ደግሞ አንድ ነው። የዓይናለም ስልክ፣ የቢሮው ቪዲዮ፣ የመጋዘኑ ካሜራ፣ ሁሉም በአንዲት ጠባብ በር ነው የሚጋፋው። ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር ሐጂ ከአዲስ አበባ አንድ ራውተር ላኩ። ተራ ራውተር አይደለም፤ በበሩ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ በነገሯት መሠረት የምታሳልፍ ናት። የቢሮው ሰው ስሟን አሳጥሮ «ሳጥኗ» አላት። ሳጥኗን የምታዘው ሙንተሃ ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አምሮ ነበር። ሙንተሃ ሰዉን ሰብስባ አስረዳች። «ፊልም ማለት ቧንቧ ነው» አለች፤ «ነገም ቢደርስ ያው ቧንቧ ነው። ድምፅ ግን ዓሣ ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወጥቶ መንገድ ላይ ከዋለ አለቀለት፤ ቆይቶ ቢደርስም የሚበላው የለም። ስለዚህ ድምፅ ይቀድማል።» ሁሉም ራሱን ነቅንቆ አጸደቀ። አንዳንዱም አጨበጨበ።

የተሳሳተችው ከዚያ በኋላ ነው። ምን አለ ዝም ብትል! ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። አንደኛ ደረጃ፣ የዓይናለም ስልክ። ሁለተኛ ደረጃ፣ የዕቃ መመዝገቢያው። ሦስተኛ ደረጃ፣ የጋሽ ሰይፈሚካኤል ላፕቶፕ፣ የአቶ ኃይለጊዮርጊስ ኮምፒውተር፣ የመጋዘኑ ካሜራ። እንግዲህ በአገራችን የሰው ስም «ሦስተኛ ደረጃ» ከሚል ቃል ሥር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ምን እንደሚከተል ሌላ ሰው ቢሆን ያውቀው ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ሰይፈሚካኤል ናቸው፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። ሙንተሃን ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ሲያዩዋት «ልጄ» ነው የሚሏት።

«ልጄ፣ እኔ እንኳን ቅር አላለኝም» አሉ በጣም ቅር ብሏቸው። «ግን እንግዳ ገብቶ ቢያነበው፣ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሦስተኛ ደረጃ… ለቤቱም ስም ጥሩ አይደለም ብዬ ነው።»

ጋሽ ሰይፈሚካኤል በላፕቶፑ የሚሠሩት ዋና ሥራ ቅዳሜ ያመለጣቸውን ኳስ ሰኞ ማየት ነው። ሙንተሃ ይህን ታውቃለች። «ችግር የለም ጋሼ» ብላ አንደኛ ደረጃ ላይ አወጣቻቸው።

በማግሥቱ አቶ ኃይለጊዮርጊስ መጡ። የአስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ኩርፊያቸው ሳምንት ይቆያል፤ ሲያኮርፉ ደግሞ የፈቃድ ወረቀት አይፈርሙም። ወንበር ስባ ብትሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ» አሉ ቆመው። «ሃያ ሁለት! ከመጋዘን ካሜራ ጋር አንድ መስመር ላይ ልጻፍ? ይሁን። ጻፊኝ።»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነው የሚከታተሉት፤ መቶ ስልሳኛው ክፍል ላይ ደርሰዋል። እሳቸውም አንደኛ ወጡ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የመጋዘኑ ከድር መጣ። ከድር ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከአሞራ ገደል ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከነሎሚው ከነዳጣው፣ በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋ። «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» እያለ አጎረሳት። ሦስተኛውን ጉርሻ ከዋጠች በኋላ ጉዳዩን አመጣ።

«ካሜራው ነው ሙኒዬ። ሐጂ ከአዲስ አበባ ሆነው በስልካቸው ቀኑን ሙሉ መጋዘኑን ነው የሚያዩት። ምስሉ ቀጥ ሲልባቸው የቆምኩት እኔ ይመስላቸዋል። ባለፈው አፍንጫዬን ስጠርግ ቀጥ ብሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስጠርግ አዩኝ! ደውለው ምን እንዳሉኝ ብነግርሽ ዓሣው አይወርድልሽም። ለኔ ብዬ አይደለም፤ ለሐጂ ነው።»

ችግሩ ሳጥኗ ናት። አንደኛ ደረጃ ላይ የምትቀበለው ሦስት ብቻ ነው፤ ስልኩ፣ ጋሽ ሰይፈሚካኤልና አቶ ኃይለጊዮርጊስ ይዘውታል። ካሜራው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ሙንተሃ አሰበች። ጋሽ ሰይፈሚካኤልን ላውጣ እንዳትል፣ እንጀራዋ ናቸው። አቶ ኃይለጊዮርጊስን ላውጣ እንዳትል፣ ወዮላት። ከድርን እምቢ እንዳትል፣ ዓሣው ሆዷ ውስጥ ነው። ስልኩ ግን አያኮርፍም። ቢሮ ድረስ መጥቶ ፊቷ አይቆምም፤ ስለሱ የሚለምንለትም የለም። «ለዛሬ ብቻ» አለችና ስልኩን ሦስተኛ ደረጃ ላይ አወረደችው። ነገ እመልሰዋለሁ ብላ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ልትመልሰው ነበር። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ ሦስት ሳምንት ሞላው።

ዓይናለም በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ያየችውን ፍዳ እሷና ፈጣሪ ነው የሚያውቁት። «ሀሎ? ሀሎ? ይሰማል? አይ፣ እኔ አልሰማም፣ እርስዎ ይሰማሉ?» ስትል ትውላለች። ከሁሉ የባሰው የይርጋለሙ ደበሌ ነገር ነው። ደበሌ አዲስ ለሚሠራ ሆቴል ሊያዝ ደወለ፤ ትዕዛዙን ከክዳን ጀመረ። «አርባ የሽንት ቤት ክዳን» ካለ በኋላ ድምፁ ድርግም አለ። ተመልሶ ሲመጣ «…ነገውኑ ጫኑልኝ፣ አደራ» ብቻ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ። ዓይናለም የሰማችውን ጻፈች። በማግሥቱ መኪናው ይርጋለም ሲደርስ ደበሌ አርባ ክዳን ተቆጥሮ ወረደለት። የሚከደን ነገር ግን አንድም የለም።

ደበሌ በቀጥታ ለሐጂ ደወለ። ሐጂ ደግሞ ለጋሽ ሰይፈሚካኤል በእጅ ስልካቸው ደወሉ። ድምፃቸው ከሞባይሉ አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«ክዳን! ክዳን ብቻ! ሰውየው ቆሞ ሊከድን ነው? ስማ ሰይፉ፣ ሳጥን ላክሁ፣ ባለሙያ ቀጠርሁ። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ እንደ ደንበኛ እደውላለሁ። ረጅም ትዕዛዝ ነው የምሰጠው። ዓይናለም ሳይቋረጥ ሳትሳሳት ከተቀበለችኝ እሰየው። ካልሆነ ከሰኞ ጀምሮ የትዕዛዙ ስልክ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል። የሷንም ነገር ያኔ እናያለን።»

«የሷንም ነገር እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገባው። ዓይናለም ሁለት ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ አትሄድ፤ ሐዋሳ ደግሞ ስልክ የሌላት የስልክ ሠራተኛ ምን ልትሠራ?

ያን ቀን ዓይናለም ሙንተሃ ጠረጴዛ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች።

«ሙኒ፣ ለሰው እንዳትናገሪ» አለች በሹክሹክታ። «ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም። ጆሮዬ ሳይደክም አልቀረም። ፋርማሲ ሄጄ ጠብታ ገዛሁ፤ ጠዋትና ማታ እያደረግሁ ነው። ለዓርብ ይደርስልኝ ይሆን?»

ሙንተሃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴትዮዋ ደህና ጆሮዋን በመድኃኒት ስታጥብ የከረመችው በሷ ምክንያት ነው! «የለም እትዬ ዓይናለም፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አይዞሽ» የሚል ብቻ ሆነ። ዓይናለም ስትሄድ በራሷ ተናዳ እጇን ነከሰች።

ሐሙስ ዕለት ቆርጣ ተነሳች። ለማንም ሳትናገር አቶ ኃይለጊዮርጊስን አወጣችና ስልኩን አስገባች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ በራቸው ተከፈተ። «ሙንተሃ፣ ልጅቷ ልትናዘዝ ስትል ቆመብኝ» አሉ። የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አልተጠየቁም፤ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ጋሽ ሰይፈሚካኤልን ሞከረች፤ «ልጄ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ነበሩ» ብለው ብቅ አሉ፤ እሳቸውንም መለሰቻቸው። ካሜራውን ስታወጣ ከድር ከመጋዘን እየሮጠ መጣ፤ የሮጠው ደግሞ ምስሉ ቀጥ ሲል እሱ የቆመ እንዳይመስል ነው፤ ካሜራውንም መለሰችው። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ስልኩ አሁንም መጨረሻ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሁሉም የሐጂን ጥሪ ለመስማት ወደ ትዕዛዝ ክፍሉ መጡ። ዓይናለም ጸጉሯን ተሠርታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ፣ እስክሪብቶ ሁለት፣ ደብተር አንድ አዘጋጅታ ውስጥ ተቀምጣለች። ሙንተሃ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ከኋላ መጣች። በሩ ላይ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

«ይግቡ ጋሼ» ይላሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ።

«ኧረ በፍጹም! አንተ ቅደም።»

«እርስዎ እያሉማ አይሆንም። በጊዮርጊስ!»

«እንግዲያው ከድር ይግባ፣ ደክሞት ነው የመጣው።»

«እኔ? እኔ ከእናንተ ልቅደም? ኧረ ነውር ነው!»

አንዱ የሌላውን ክንድ ይገፋል፤ ሌላው በሩን ተደግፎ እግሩን ይተክላል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንዲት በር ላይ ስድስት ደቂቃ ፈጁ። ሙንተሃ ሰዓቷን አየች፤ ዓይናለም ውስጥ ሆና ጆሮዋን ስታሻሽ አየች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ውስጧ ፈነዳ። በሕይወቷ ሰው ላይ ጮሃ አታውቅም።

«እናንተ ሰዎች!» አለች። ድምፁ የሷ አልመሰላትም። «በር ላይ ለመግባት እንዲህ የምትግደረደሩ፣ ሳጥኗ ላይ ምን ነካችሁ? እዚያ እኮ ተጋፍታችሁ ነው የገባችሁት! ሦስት ቦታ ናት ያላት፤ ሦስታችሁ ይዛችኋታል። ስልኩ ወጥቷል። ያወጣሁት እኔ ነኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ! የእትዬ ዓይናለም ጆሮ ምንም አልሆነም፤ የደበሌ ክዳንም የኔ ጥፋት ነው!»

ዓይናለም ከወንበሯ ቀና አለች።

«ስልኬን አወጣሽው?» አለች ቀስ ብላ። «ለምንድነው ያወጣሽው?»

«ከድር ዓሣ አምጥቶልኝ…»

«በዓሣ ሸጥሽኝ?»

ሙንተሃ እንባዋ መጣ። ከድር ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከሁሉም ቀድመው የተናገሩት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው፤ ፊታቸው ቀልቷል። «እኔን አውጪኝ» አሉ። «አሁኑኑ መጨረሻ ላይ አድርጊኝ። ባልሰማ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም።»

«የለም፣ አንተ ቆይ፤ እኔ ነኝ የምወጣው» አሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤል። «ኃላፊ ነኝ፤ ከሁላችሁም በኋላ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ከኔ በታች? በሕይወቴ እያለሁ አይደረግም!»

«በአላህ፣ እኔ እያለሁ ትልቅ ሰው መጨረሻ አይሆንም!» ከድርም ገባ። «እኔን ነው የምታወርዱኝ!»

ወይ ጣጣ! ለአንደኝነት ከተደረገው ልመና ይልቅ ለመጨረሻነቱ የሆነው ጭቅጭቅ በረታ። አራት ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው «አንተ ትብስ፣ አንተ ትብስ» ገና አልተቋጨም። ሙንተሃ ተሸማቀቀች፤ እንደ ለመደችው ማን ቅር እንደሚለው ማስላት ጀመረች። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ማንንም አልጠየቀችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተችና ጋሽ ሰይፈሚካኤልን አወረደች፤ አቶ ኃይለጊዮርጊስን አወረደች፤ ካሜራውን አወረደች። አንደኛ ደረጃ ላይ ስልኩን ብቻውን አስቀመጠች። «አንሺው» አለች።

ዓይናለም አነሳችው፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተጫነች። የሐጂ ሱሌይማን ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ከነትንፋሹ፣ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ሐጂ አላዘኑላትም። ባለግማሽ ኢንች ቧንቧ ይህን ያህል፣ ባለሦስት ሩብ ይህን ያህል፣ ነጭ መታጠቢያ ዐሥራ ስድስት፣ የለም ዐሥራ አራት አድርጊው፣ የቧንቧውን ክርን በኋላ እነግርሻለሁ እያሉ ሃያ ሰባት ዓይነት ዕቃ አዘዟት። ዓይናለም ጻፈች። ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸውና «ክርኑን ግን እነግርሻለሁ ብለው አልነገሩኝም፣ ሐጂ» አለች። አንድም ቃል አልተቆረጠም።

«እሺ» አሉ ሐጂ። «እሱስ እሺ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ካሜራዬ ቀጥ ብሏል። መጋዘን በሩ ላይ አንድ ድመት ቆማ ይኸው አልነቃነቅ አለች። ማነው የነካው?»

ከድር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል «ልጄ፣ ተይ፣ እኔ ልናገር» በሚል ዓይን አዩዋት። ሐጂ የቤቱ ባለቤት ናቸው እኮ! የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም፤ አንድ ቃል ከአፋቸው ቢወጣ የነገ ባጃጅ አያስፈልጋትም። ሙንተሃ ወደ ስልኩ ቀረበች።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው ያደረግሽኝ?»

«ሦስተኛ። መጨረሻ ነው።»

«መልሺኝ።»

አፏ ለረጅም ዘመን በለመደው መንገድ «እሺ» ሊል ተሰናዳ። ዓይናለም እያየቻት ነበር።

«አይሆንም፣ ሐጂ» አለች።

ስልኩ ጸጥ አለ። ዓይናለም ከልማድ «ሀሎ? ይሰማል?» ልትል ነበር፤ ግን መስመሩ ደህና ነው፤ ሐጂ ሲተነፍሱ ይሰማል። ዝም ያሉት ሰውየው ራሳቸው ናቸው።

«ከኔ የቀደመው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከይርጋለም የሚደውል ሰው ነው።»

«ታዲያ አሁን ይህን ሁሉ ምን ታስወሩኛላችሁ!» አሉ ሐጂ። «መስመሩን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እየደወለ ይሆናል። ስልኩ እዚያው ሐዋሳ ይቀመጥ፣ ዓይናለምም እዚያው ትቀመጥ። ልጅቷንም ቋሚ አድርጓት። ዝጉት በሉ!» ዘጉት።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የይርጋለሙ ደበሌ ነው። «ተይው ተይው» ይላል እየሳቀ፤ «ክዳኑን አልመልስም፤ ማን ጭኖ ያመላልሰዋል? አርባ መቀመጫ ላኪልኝ። በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ ክዳን እንዳትጨምሪበት!» ዓይናለም ጻፈች፤ ደግማ አነበበችለት፤ የልጁን ጉንፋንም ጠየቀችው። ስትዘጋ እስክሪብቶውን አስቀምጣ አለቀሰች፤ መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ። ከዚያ የጆሮ ጠብታውን ከመሳቢያ አውጥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«ተነሺ» አለቻት ሙንተሃን። «ምሳችንን አሞራ ገደል ነው የምንበላው። ዓሣውን የምትጋብዢኝ አንቺ ነሽ፤ ትልቁን ነው የምመርጠው።»

ሁሉም ለመውጣት ተነሱና በሩ ጋ ደረሱ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ወደኋላ አሉ፤ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ወደ ጎን አሉ፤ ከድር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ይግቡ ይውጡ ያለ ሰው የለም። ዓይናለም መጀመሪያ ወጣች።